ድመቷና እንግዳው ውሻ

ጅቡቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ፈረንሳዊት መምህርት ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ አንዲት ድመት ነበረች፤ ካርቲየ 4 ከሚባለው ሰፈር፣ ከዓሣ ቤቶቹ ደጃፍ የመጣች፣ አንድ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ኩሩ ድመት። ሐምሌ ላይ ማዳም ለዕረፍት አገሯ ልትሄድ ስትል፣ የጓደኛዋን ውሻ ጭምር እንድጠብቅ ለመነችኝ።

«ድመት አይቶ አያውቅም» አለችኝ። «ቶሎ አታገናኚያቸው። የአንዱን ጨርቅ ለሌላው አንጥፊለት፤ መጀመሪያ ሽታቸውን ይልመዱ።»

ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር ድመትና ውሻ ከተገናኙ አንዷ ዛፍ ላይ፣ አንዱ ከሥር ነው፤ ማንም አስተዋውቋቸው አያውቅም። ቢሆንም በየክፍላቸው ዘግቼ ያለችኝን አደረግሁ። ውሻው የድመቷን ጨርቅ አሽትቶ አሽትቶ ተኛበት። እሷ የእሱን ዞር ዞር ብላ አየችውና ሸናችበት። ይህን ለማዳም አልነገርኳትም።

የግቢው ዘበኛ ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ። ውሻ ከነካቸው ከሶላት በፊት መታጠብ ስላለባቸው አይጠጉትም፤ ግን እንደኔው ጓጉተዋል። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብቅ ይላሉ።

«ዛሬስ፣ ልጄ?»

«ገና ናቸው፣ አባባ።»

በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። የአየር ማቀዝቀዣው ቀጥ ሲል ቤቱ እንደ ምድጃ ጋለ። ነፋስ እንዲገባ ብዬ በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ፤ እንስሶቹ ትዝ ያሉኝ ዘበኛው ሲጮሁ ነው።

«ልጄ! ነይ፣ ተገናኙ!»

ሮጥኩ። ቀዝቃዛው የኮሪደር ሴራሚክ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። ድመቷ ፀጉሯን አቁማ እጥፍ አክላለች። ውሻው፣ ያ ግዙፍ ውሻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተኛ። ልለያቸው እጄን ስዘረጋ «ተያቸው» አሉኝ ሽማግሌው። እሷ በደረቷ እየተሳበች ጅራቱን አሸተተች፣ ጀርባውን አሸተተች። ዞር ብሎ ሊያሸታት ሲል አፍንጫው ላይ በጥፊ አለችው። ዋይ ብሎ እኔ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀ። ዘበኛው ሳቃቸው አላቆም ብሏቸው መስኮቱን ተደግፈው ቀሩ።

ማዳም ስትደውል «ተዋወቁ?» አለችኝ።

«ተዋውቀዋል። ግን ገና አንቱ ነው የሚባባሉት።»

ፈረንሳይኛውም አንቱ ስላለው ገብቷት ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ በሮቹን አልዘጋሁም። ጓደኛ ሆኑ አልልም። እሱ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ፣ እሷ ከወዲህ ጫፍ ይተኛሉ፤ ሙቀቱ ሲብስ ሁለቱም ነፋስ ወደሚያገኘው ወደ መሀሉ ስለሚሳቡ በመካከላቸው ያለው ቦታ እያደር ይጠባል። እኔ ግን ሥራዬን እየተውኩ በመካከላቸው ስንት ሴራሚክ እንደቀረ እቆጥር ነበር። ባለቤቱ መጥቶ ሲወስደው አራት ቀርቶ ነበር።