ጨው በበላው መሬት ላይ መጭ

ከጓሯችን፣ አባቴ ከብቶቹን ጨው የሚያልስበት ቦታ፣ ምንም አይበቅልበትም ነበር። ፍርፋሪው በየክረምቱ እየሟሟ ገብቶበት አፈሩ ሲቀመስ ጨው ጨው ይላል። ቢቸና ዙሪያ ማሳው ሁሉ ፀረ አረም ስለሚረጭ ለንብ የሚሆን አበባ ጠፍቷል። አባቴ ታሞ አልጋ ሲይዝ ከቀፎዎቹ የቀረው አንድ ነበር። የቀፎው ድምፅ መሳሳቱን ከተኛበት ሆኖ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው።

ለንቦቹ አበባ እንዲሆን በዚያ ባዶ መሬት ላይ ተልባ ዘራሁ፤ ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ ቀረ። ባቄላም እንዲሁ። በኋላ ከብት ከሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ ዳር መጭ ቆሞ አየሁ፤ አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ ሻካራ፣ ከጤፍ መሃል የሚነቀለው አረም። ዘሩን ከዚያው ብቻ ለቀምኩ፤ የሌላ ቦታ አልቀላቀልኩበትም። በሰኔ ስዘራው አባቴ ሣቀ።

«ሰው አረም ይነቅላል፤ የኔ ልጅ ይዘራል» አለ።

ቆይቶ ግን ስንት ቅጠል እንዳወጣ ይጠይቀኝ ጀመር። መጩ ሳያብብ አባቴ ሞተ። ቀፎውን አደራ ብሎኝ ነበር።

ተዝካሩ ሲቃረብ አክስቴን ላመጣ ሞጣ ሄድኩ። ስመለስ ግቢው እንደ አውድማ ተጠርጓል። ጎረቤቶች የዳሱን ቦታ ሊያስተካክሉ በደቦ ወጥተው ኖሯል። ያበበው መጭ ከነሥሩ ተነቅሎ አጥር ሥር ተከምሯል፤ ንቦቹ ክምሩ ላይ ናቸው። የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ ዶማቸውን ተደግፈው፣ «የሐዘን ቤት አረም አይዋጠው ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሥራውን ጥሎ ለመጣልኝ ሰው ሌላ ምን ይባላል።

ያልጠወለገውን መርጬ መልሼ ተከልኩ፤ ጥቂቱ ብቻ ያዘ። ኅዳር ሲጋመስ ቀፎው ዝም አለ። ሽማግሌው ሊያጽናኑን መጥተው፣ ንብ ጌታው ሲሞት ተከትሎ ይሄዳል፣ ያለ ነገር ነው አሉ። እናቴ እስከዚያ ቀን ስለ መጩ ምንም ተናግራ አታውቅም።

«የለም፣ ወንድሜ» አለች ቀስ ብላ። «መጩ ሲነቀል ርቦት ነው የሄደ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው፣ ለምን እንዳልነገርኳቸው ጠየቁኝ።

በተከታዩ ክረምት፣ ከጓሯችን የሚዋሰነውን የጤፋቸውን ዳር ሳይረጩ ተዉት። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሲያርሙ አየኋቸው። መጭ ጋ ሲደርሱ ያልፉታል።