በላም ገመድ የተለካ አረፋ

መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከተረበኛ ለመቅደም ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎት ሚስት ያላገባ የብርድ ልብስ ነጋዴ ምን ምን እንደሚባል አገሬው ሁሉ ያውቃል። እናቴ ራሷ አትምረኝም ነበር። በየዓመቱ ለአረፋ አገር ቤት ስገባ፣ ከመኪናው ከኋላዬ ሌላ ሰው ይወርድ እንደሆነ ትጠብቅና፣ «ዘንድሮም ከብርድ ልብስህ ጋር መጣህ?» ትለኛለች። ብርድ ልብሱ የሷ ነው። በዓመት አንድ አዲስ እወስድላታለሁ፤ እሷም አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ካምናው በላይ ታስቀምጠዋለች። ለብሳው አይቻት አላውቅም።

አረፋ ለኛ ለስልጤ ሰዎች ምን እንደሆነ ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ተበትነን የምንነግድ ወንዶች ሱቃችንን ቆልፈን አገራችን የምንገባው ለዚህ በዓል ነው። ዋዜማው የሴቶች አረፋ ይባላል፤ በዚያ ቀን እናቶች ቡላውን በወተትና በቅቤ አብስለው አተካና ይሠራሉ፣ ልጅም እናቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይበላል። በማግስቱ የወንዶች ነው፤ በሬ ይጣላል። ከዚያ የተጣላ ይታረቃል፣ ያላገባ ይታጭለታል። ለአረፋ የቀረ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ይባላል እንጂ ሥራ በዝቶበት ነው የሚል የለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ቀርቼ አላውቅም።

ወረርሽኙ በገባበት ዓመት አረፋ በክረምቱ መሃል ዓርብ ላይ ዋለ። ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሦስት ቀን፣ የሴቶቹን ሐሙስ ሲጨምሩበት አራት ቀን ነው። እንዲህ የተመቸ አረፋ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዕቅዴ ያው የዘወትሩ ነበር፤ ረቡዕ ከሰዓት ዘግቼ መውጣት፣ ሐሙስ አተካናዬን መብላት፣ ዓርብ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማረድ፣ ቅዳሜ ዘመድ መጠየቅ፣ እሑድ ቅቤዬን ይዤ መመለስ። ሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ ሳላስበው ነው የማደርገው። በዚያ ዓመት ግን እያንዳንዷን ሳስባት ትከብደኝ ጀመር።

እናቴ ሰማንያ ተጠግታለች፤ ክረምት ሲገባ ደረቷን ያፍናታል። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ሰው ፊት ቆሜ ስከራከር ነው የምውለው፤ ያውም ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ ምክንያቱም በማስክ ውስጥ ዋጋ አይሰማም። በዚያ ሰሞን ስልክ ስትደውል መጀመሪያ የሚመጣው ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ነበር። እጅዎን ይታጠቡ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቁ ይልሃል። እናቴ «ሀሎ» የምትለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፈርቼ ነበር። በኔ እጅ ትሞታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ከሲኒማ ራስ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው ሕንፃችን ለአረፋ አብረን የምንሄደው አሥራ ሁለት ነን። የምንከራየው ሚኒባስም አሥራ ሁለቱንም ይይዛል። በዚያ ዓመት ግን መኪና በግማሽ ብቻ ይጫን ተብሎ ስለነበር ስድስት ሰው ብቻ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ መኪና ፈለግን፤ የበዓል ሰሞን ነውና ሁሉም ተይዟል። ታዲያ የመርካቶ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያውቀው አንድ መላ ነው፣ ዕጣ። የዕቁባችን ዳኛ የሆኑት ሐጂ አሥራ ሁለት ወረቀት ጠቅልለው ኮፍያቸው ውስጥ ጨመሩና በኮሪደሩ አዞሩት። የኔን ስፈታው «ጋቢና» ይላል። ከሹፌሩ ጎን ያለው ምርጥ ቦታ ነው።

ከሱቄ ቀጥሎ ፎጣና አንሶላ የሚሸጥ ወጣት ጎረቤት አለኝ። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ችፑድ ስለሆነ እሱ ሲያዛጋ እኔ እሰማለሁ። እሱ ባዶ ወጣለት። ሚስቱ አገር ቤት ከወለደች አርባ ቀን አልሞላትም፤ የመጀመሪያ ልጁን ገና አላየም። ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለና ፎጣ ማጠፍ ጀመረ፤ አንዱን ፎጣ ሦስት ጊዜ ሲያጥፈው አየሁት።

በዕቁባችን ወግ ዕጣ የደረሰው ሰው ከሱ ይልቅ ለተቸገረ መስጠት ይችላል፤ የሰጠ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ያለ ዕጣ ቀዳሚ ነው። ወረቀቴን ለሐጂ መለስኩላቸውና፣ «ሐጂ፣ የኔን ለሱ ይስጡልኝ» አልኳቸው።

ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እናትህስ?»

«ለሳቸውም ይሻላል።»

«እሳቸው ናቸው ያሉህ?»

«አዎ» አልኩ። ዋሸሁ። እናቴን አልጠየቅኳትም።

«እንግዲያው የከርሞ አረፋ ጋቢናው ያንተ ነው። ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ ሐጂ። ሰዉ መረቀኝ። እኔም እንደ ደግ ሰው አንገቴን ደፋ አድርጌ ተቀበልኩ፤ ፍርሃቴን ቸርነት አልብሼ መሸጤን ያወቀብኝ አልነበረም። ስንት ዓመት የነገድኩ ሰው ነኝ፣ ዕቃ ማሳመር አይከብደኝም።

ለእናቴ የደወልኩት ረቡዕ ጠዋት፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ነው። ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያውን ጨረሰና እናቴ አነሳች። እንደማልመጣ፣ ለሷው ብዬ እንደሆነ፣ ብርድ ልብሱን ጎረቤቴ እንደሚያደርስላት ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ፣ ሀሎ» ስል፣ «በርጩማ አውጥቼልህ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ደህና አደረግህ ልጄ። ይሁን።»

ስለ በርጩማው ብጠይቃት ምን ነበረበት? አሮጊት የምትለው አታጣም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን እስከ ዛሬ አልለቀምኩም።

የምኖረው ጭድ ተራ አጠገብ፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። ዓርብ ጠዋት ሶላቴን ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ሰገድኩ። ሌላ ዓመት ከስግደት በኋላ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳምክ የስንቱ ጢም ይወጋሃል፤ ያን ቀን ሰግጄ ዞር ስል ያለው የልብስ መስቀያዬ ነው። አዲሱን ጀለቢያዬን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያየኝ ስለሌለ ላውልቀው ብዬ ተነሳሁ፣ መልሼ ደግሞ በዓል ነው ብዬ ተውኩት።

አከራዬ በሬን አንኳኩታ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። እሷ የጎንደር ሰው ናት፣ የምጠራትም እትዬ ብዬ ነው። ከሩቅ ሆና፣ «እንኳን አደረሰህ። ምነው ዘንድሮ ቀረህ?» አለችኝ።

«በሽታው ነው እትዬ።»

«ሻይ እንኳ ላፍላልህ ብል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁህ። መርካቶ የምትውል ሰው ነህ።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። አልተቀየምኳትም። እኔ እናቴን የፈራሁላትን እሷ ለራሷ ፈራች፤ ልዩነቱ እሷ በግልጽ መናገሯ ነው። ዳቦ በፌስታል አድርጋ ደፉ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች።

ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ወጣሁ። በአብነት በኩል ዞሬ ወደ መርካቶ ወረድኩ። ዝናቡ ያካፋል። የኛ ሰው ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሌላ ቀን ተሸካሚ «ዞር በል» እያለ በሚገፋህ መንገድ ላይ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ጡረተኛ ተንሸራሸርኩ። ሱቄ ድረስ ሄጄ ቁልፉን ነካ አደረግኩት። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ሥጋ ገዝቼ ተመለስኩ፣ ጠበስኩት፣ አረረብኝ፤ የአከራዬን ዳቦ በልቼ ተኛሁ። እናቴ ጋ ስደውል የበዓል ቀን ነውና መስመር የለም። ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው የሚገባው። ቅዳሜም እንደዚያው አለፈ። እሑድማ ድምፄን ልስማ ብዬ ራሴን «እንኳን አደረሰህ» አልኩት።

ጎረቤቴ ሰኞ መጣ። ስለ ልጁ ያወራኛል ስል እሱ ግን ከሱቁ በርጩማ ይዞ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እናትህ ጋ ዋልኩ» አለኝ።

«ብርድ ልብሱን ሰጥተህ የምትመለስ አይደለም እንዴ?»

«እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሁለት በርጩማ ወጥቷል፤ አንዱ ከበራቸው ሥር፣ አንዱ ወዲያ ማዶ ከእንሰቱ አጠገብ። በመሃላቸው የላሟ ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቷል።»

እሱ እንደነገረኝ፣ እናቴ ከሬዲዮ የሰማችውን ሁለት የአዋቂ እርምጃ አላመነችውም ነበር። «የማን አዋቂ? እኔም አዋቂ ነኝ፣ እርምጃዬ ግን ስንዝር አይሞላም» ብላ የላሟን ገመድ ፈታችና ሙሉውን ዘረጋችው። ከሁለት ሜትር ሦስት እጥፍ ሳይሆን አይቀርም። የማድርበትን የእንግዳ ጎጆ አስጠርጋ፣ ማሰሮና መጠጫ ለብቻው አስቀምጣልኛለች። ይህን ሁሉ ያዘጋጀችው እኔ በሽታውን አስይዛታለሁ ብዬ እየፈራሁ መርካቶ በምብሰለሰልበት ሳምንት ነው። እኔ የአራት ቀን ዕቅድ ሳወጣ አንዲት ገመድ አልታየችኝም።

«'የልጄ ቦታ ነው፣ ባዶ ከሚውል ተቀመጥበት' አሉኝ» አለ ጎረቤቴ። «አተካናውን ገመዱ መሃል ላይ አስቀምጠውልኝ ተመለሱ፣ ሄጄ አነሳሁ። ከዚያ እየጮኹ ሲያወሩኝ ዋሉ። ይበላል ወይ? ያስለዋል ወይ? ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው አለ ወይ? መንደሩ ሁሉ ጓዳህን ሰምቶታል ጋሼ።»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«አንድ ነገር ደግሞ ጠየቁኝ» አለ። «'ለምን ሳይጠይቀኝ ቀረ?' አሉኝ።»

ደንበኛ መጣና ዋጋ ጠየቀኝ፤ የቱን ብርድ ልብስ እንደሆነ እንኳ ሳላይ ነገርኩት።

በሽታው ቀለል ሲል በገመዷ ርቀት ተቀምጬም ቢሆን ላያት እሄዳለሁ አልኩ። መስከረም ላይ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ የብርድ ልብስ ገበያ ደራ። ጥቅምት ላይ ብርዱ ገባ፣ ገበያው ባሰበት። ዛሬ ነገ ስል እናቴ ኅዳር ላይ ተኝታ ሳትነቃ ቀረች። በሽታው አልነበረም፣ ዕድሜ ነው። ስደርስ ተቀብራለች። ወንድሜ ሣጥኗን ከፈተልኝ፤ ብርድ ልብሶቹ እንደታጠፉ አሉ፤ ያ የመጨረሻው ግን የለም። እሱን ለብሳ ነበር የተኛችው።

በተከታዩ አረፋ መኪናው ሙሉ እንዲጭን ተፈቅዶ ዕጣ አላስፈለገም፤ ሐጂ ግን ቃላቸውን አልረሱም፣ ጋቢናውን ለኔ አስያዙ። ሄድኩ። ወንድሜን በርጩማዎቹ የት የት እንደነበሩ ብጠይቀው፣ «እዚህ አካባቢ መሰለኝ» አለኝ። ላሟም ተሸጣለች፣ ከነገመዷ።

የእናቴን የመጨረሻ አረፋ የማውቀው ከጎረቤቴ አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ በየዓመቱ እጠይቀዋለሁ። የልጁ እናት መጥታ አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ልጁም አድጓል፤ ጎረቤቴ ግን አንድም ቀን ሰለቸኝ ብሎኝ አያውቅም። ዘንድሮም በችፑዱ ማዶ፣ «ያ በርጩማ የት ጋ ነበር ያልከኝ?» አልኩት። በርጩማውን ይዞ ወጣ፣ የኔንም ከሥሬ ተቀበለኝ። ዕቃ የምናስርበትን ሲባጎ ከጥቅሉ ፈትቶ በኮሪደሩ ርዝመት ዘረጋው፤ በዚህኛው ጫፍ አንዱን በርጩማ፣ በዚያኛው ጫፍ ሌላውን አስቀመጠ። የሚያልፈው ሰው ምን እየለኩ ነው ብሎ ሲባጎውን ይሻገራል።

«እሳቸው እዚህ» አለ ጎረቤቴ በእጁ እያሳየኝ። «አንተ ደግሞ እዚያ ተቀምጠህ ነበር።»

አላረምኩትም። ሄጄ ተቀመጥኩ።