ሥራነሽ የመዘነችው ካርቶን

ደብረ ማርቆስ ላይ ወሬ ከአውቶቡስ ቀድሞ ይገባል። በቀደም መናኸሪያው አጠገብ ካለው የድረስ ሻይ ቤት አንድ ወሬ ተነሣ። የመምህርት ሥራነሽ ልጅ ማርያማዊት ከካርቶን በወጣ የፈረንጅ መጽሐፍ አበደች፤ በንጋት ተሸፋፍና ጸበል ተወሰደች ተባለ። ወሬው አማኑኤል ከተማ ሲደርስ ልጅቱ ከሞቱ የሮም ነገሥታት ጋር ስትሟገት አደረች። አምበር ሲደርስ ደግሞ ካርቶኑ ራሱ በላቲን ማዛጋት ጀመረ።

ነገሩ ግን እንከን አለበት። አበደች የተባለችው ልጅ ከመሄዷ በፊት በዋለው ቅዳሜ፣ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ተከራክራ ምርቃት አስጨምራ ስትመለስ ገበያው ሁሉ አይቷታል። እብድ ምርቃት ያስጨምራል እንዴ?

ሥራነሽ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ጸጥታው ከደፈረሰ ወዲህ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመችው ልጇም ቁመቷ ጨመረ እንጂ ክፍሏ አልጨመረም። ይህን ያየ አዲስ አበባ ያለ የሥራነሽ ወንድም አምሳሉ አንድ ካርቶን መጻሕፍት ላከላት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፣ ወላጅ ቤቱ ውስጥ የሚያስተምረው፣ «ክላሲካል» የሚባል ሙሉ የትምህርት ጥቅል ነው፤ ሥነ አመክንዮ፣ የንግግር ጥበብ፣ የጥንት ታሪክ፣ ላቲን።

«እስከ ፋሲካ ሞክሪና መዝኚው» አላት በስልክ። «ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍል እልካለሁ። ካልሆነ ልጅቷን ላኪልኝ፣ እኔ ጋ ትማር።»

ሥራነሽ ካርቶኑን የከፈተችው እንደ ስእለተኛ ነበር። መንገዱ ያስፈራል፤ ልጇም አንድ ለእናቷ ናት። ካርቶኑ እንዲሆን፣ ልጅቱም እንድትቀር ፈልጋለች።

መምህርነቷ ግን አልለቀቃትም፤ አገላብጣ መረመረች። ሮም ምዕራፍ በምዕራፍ ስትተረክ አክሱም ግርጌ ላይ በሁለት መስመር አልፋለች። ሳይንሱ ስስ ነው። ላቲኑን በግዕዝ መተካት ይቻላል። የአስተማሪው መምሪያ እናት መቼ ፈገግ እንደምትል ሳይቀር ያዛል፤ የማስነጠሻ ሰዓት ብቻ ነው የረሳው። የሥነ አመክንዮው መጽሐፍ ግን ልቧን ገዛው። ያስጠይቃል፣ ያሟግታል፣ የላላውን ሐሳብ ከጠበቀው ያስለያል። አንድ ነገርም አጥብቆ ያሳስባል፦ ተማሪው አስተማሪውን ፊት ለፊት መርታት ይልመድ።

የመጀመሪያው የሙግት ርእስ «ለመማር ከቤት መውጣት ያስፈልጋል?» የሚል ነበር። ሥራነሽ «አያስፈልግም» የሚለውን ያዘች።

«በይ እርቺኝ!»

ማርያማዊት በአባቷ ቤት ሥርዓት እናቷን አንቱ እያለች ያደገች ናት። መሬት መሬት እያየች፣ «አይ እማ፣ እርስዎ ያሉት ነው ልክ» አለች።

«ተቃወሚኝ ነው የምልሽ!»

«እንዴት ብዬ?»

ሥራነሽ ሳቀች። በሳምንቱም፣ በሌላው ሳምንትም ልጅቱ ተረታች። እናትየዋ ባሸነፈች ቁጥር ለካርቶኑ ከፍ ያለ ማርክ ሰጠች። «ይኸው ሆነ!» አለችው ባሏን ፈንታን።

ፈንታ አናጢ ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ከትውልድ ቀዬው ከይጁቤ ጠፍቶ የወጣ። ሳንቃውን እየላገ፣ «እኔ እናቴ ጋ ሆኜ ቅኔ ብዘርፍ ኖሮ፣ ገና አፌን ስከፍት እልል ትልልኝ ነበር። ማን ያርመኝ ነበር?» አለ።

«አንተ ሁሉን በአብነት ትምህርት ቤት ነው የምትለካው።»

«ባልለካ አናጢ እሆን ነበር?»

አንድ ቀን ከሰዓት ሥራነሽ ከደጅ ስትመለስ ከጓሮ ጩኸት ሰማች። ማርያማዊት ብቻዋን በልብስ ማስጫው ገመድ ፊት ቆማለች። ገመዱ ላይ የተሰጣው የእናቷ ቀሚስ ነው።

«አይደለም እማ! መጽሐፉ የትም ያው ነው ብለዋል። ያው ይሁን። እዚህ ግን የሚጠይቀኝ ሰው አንድ ነው፤ ያውም የሚሳሳልኝ! ስሳሳት ማን ይጨክንብኛል? ደግሞስ እርስዎ የሚሟገቱት ስለ ትምህርቱ ነው? እንዳልሄድብዎ ነው እንጂ!»

በአጥሩ በኩል የጎረቤታቸው የወይዘሮ ጤናዬ ነጠላ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ሥራነሽ ከቤቱ ጥግ እንደቆመች ቀረች። መምህርት ሆና ሰማችው፤ ሙግቱ ቀዳዳ የለውም። እናት ሆና ሰማችው፤ የተባለው እውነት ነው። ልጅቱ ያን ሁሉ ሳምንት የተረታችው እናት አትረታም ብላ ነው።

ቀረብ አለችና፣ «ለቀሚሴ ያልሽውን ለእኔ ድገሚልኝ» አለቻት።

ማርያማዊት ደነገጠች። «እርስዎ ያሉት ነው ልክ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

ሥራነሽ ያን ጊዜ ልትልካት ቆረጠች። ለአምሳሉ ደወለች።

«ካርቶኑስ?» አላት።

«ካርቶኑ አልፏል። የወደቅሁት እኔ ነኝ።»

አውቶቡሱ በንጋት ተነሣ። ብርድ ስለነበር ልጅቱ የአባቷን ጋቢ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተሳፈረች። «ገባሁ እማ» የሚለው ድምፅ በስልክ እስኪመጣ ድረስ ሥራነሽ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

ከቀናት በኋላ ከዚያ ከድረስ ሻይ ቤት ጎራ አለች። ባለቤቱ ድረስ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እግዜር ይማርልሽ መምህርት። የትኛው ጸበል ገባች?» አላት።

«ልጄ አላበደችም» አለች ሥራነሽ። «ጸበልም አልገባችም። መጽሐፉም ደህና መጽሐፍ ነው። ትምህርት ቤት ነው ያለችው። የላክኋትም እኔ ነኝ።»