«ደካማዋ»

የእማዬን የኩሽና መሳቢያ ሳጸዳ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ምልክት እጄ ገባች። በአባዬ ጽሕፈት «ደካማዋ» ይላል። አሁንም አፈር አፈር የምትሸት መሰለኝና ተናደድኩ። አዎ፣ ተናደድኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው በስደት አገር፣ ስፖንጋ በሚባል ሰፈር። አባዬ አገር ቤት የሰብል በሽታ ባለሙያ ነበር፣ እዚህ ግን ዮርድብሩ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ይውላል። በተከራየናት የአትክልት ቦታ ቲማቲማችን በየዓመቱ ፍሬ ሳይዝ ይጠወልግ ነበር። በሽታው አፈሩ ውስጥ ነው አለ። ጎረቤቶቻችን ቲማቲም መትከል ሲተዉ እሱ በሽታውን የሚችል ዘር አገኛለሁ ብሎ እልህ ያዘው። የታመመውን አፈር በከረጢት ተሸክሞ በመስታወት ወደተዘጋችው በረንዳችን አመጣና በስድስት የእርጎ ጣሳ ሞላው። በሦስቱ ተስፋ የጣለበትን ዘር፣ በሦስቱ በሽታው ሁልጊዜ የሚገድላትን፣ «ደካማዋ» የሚላትን ዘር ተከለና በየጣሳው የስም ምልክት ሰካ። ከደካማዋ የተረፉትን ችግኞች በንጹህ አፈር፣ በዚያው ዓይነት ጣሳ አድርጎ ኩሽና መስኮት ላይ አስቀመጣቸው። ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። እኛ ቤት ማን ያስረዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ በረንዳው ላይ በስድስቱ ጣሳዎች ፊት ይቀመጣል፤ በዚያች ሰዓት ትከሻው እንኳ ቀና ይል ነበር።

አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ የበረንዳው ደካማዎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ አንገታቸውን ደፍተዋል። እማዬ አጠገባቸው ቆማ እንባዋ መጥቷል።

«አባትሽ እንደዚያ ደክሞ መጥቶ ይህን አያይም። መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም» አለችኝ።

የታመሙትን ጣልናቸው። «ደካማዋ» የሚሉትን ምልክቶች ነቅዬ፣ ከኩሽና አምጥተን በቦታቸው ባስቀመጥናቸው ጤነኞች ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እጄ የቲማቲም ቅጠል ሲሸት አመሸ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የአባዬን ልብ ያዳንኩ መስሎኝ።

ቅዳሜ አባዬ ፊታቸው ተቀመጠ። ቅጠላቸውን አንድ በአንድ ገለበጠ።

«እሷ መሞት ነበረባት» አለ በመጨረሻ። «እሷ ካልሞተች አፈሩ በሽታ የለውም ማለት ነው። የነዚያ ተስፋ የጣልኩባቸው መቆምም ምንም አይነግረኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ስሳሳት ኖሬአለሁ።»

እማዬ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አባዬ ተነሳና ስድስቱንም ጣሳ፣ በታመመው አፈር ላይ ቀጥ ብለው የቆሙትን ጭምር፣ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጣቸው። ሲፈልገው የኖረው ዘር እኮ ያ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደብተሩን አልከፈተም። ከሥራ ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ በቃ።

ስንቴ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት መሰለህ። እማዬ «አሁን ምን ይጠቅመዋል፣ ተይው» ትለኝ ነበር። እኔም ተውኩት፤ እንደ እሷው ሆንኩ።

አምና ሌላ ከተማ፣ ማልሞ ሳለሁ አክስቴ ደወለች። «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ» አለችኝ። ባቡር ውስጥ መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ስለማመድ መጣሁ፦ አባዬ፣ አልተሳሳትክም። በሽታው ነበረ። ዘርህም በሽታውን ችሎ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ ልነግረው።

ስፖንጋ ደርሼ ከሊፍት ስወጣ ከበራችን ጀምሮ እስከ እግሬ ድረስ የሰው ጫማ ተደርድሯል። አባዬ ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ያን ሁሉ የተለማመድኩትን ለማን ልበለው።