የጋሽ ኣንደብርሃን አራስ

ጋሽ ኣንደብርሃን መኪናዋን የገዙ ሰሞን ሮም ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ቄሱ ጠበል ረጭተው ሲባርኳት ወንዱ ሁሉ ከቧት ቆመ። ትንሽ ብትመስልም ከሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት በላይ አላት፤ ሞተሯ ሲነሳ ጉሮሮዋን የምትጠርግ ይመስላል። አንዱ ባሕሩ ዳር እስከ ኦስቲያ ይውሰዱን ይላል፣ ሌላው ቁልፏን ለአንድ ዙር ብቻ ብሎ ይለማመጣል። እሳቸው መሪውን በመሐረብ እየወለወሉ ለሁሉም የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «አራስ ናት» ይላሉ።

ጣሊያኖቹ ሮዳጆ የሚሉትን ማለታቸው ነው። አዲስ ሞተር ውስጡ ያሉት ብረቶች እስኪላመዱ ድረስ አይጋለብም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ዙሩ ከግማሽ አያልፍም፣ ፍሬን በድንገት አይያዝም፣ ጭነት አይበዛበትም። ለወገኖቻችን ይህን ሁሉ ከማስረዳት አራስ ናት ብሎ መገላገል ይቀላል። እትዬ አምለሰት የሚባሉ ተረበኛ አሮጊት ግን መስኮቷን መታ መታ አድርገው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ኣንደብርሃን አልሳቁም። ጥላ ፍለጋ መኪናዋን ወደ ግንቡ ስር አስጠጉ።

እኚህ ሰው ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልደው፣ እዚያው ተምረው፣ በወጣትነታቸው ሮም የገቡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድተዋል። ከኋላቸው ልጆች ሲንጫጩ፣ አንዷ ስታስመልስ፣ አንዱ ቦርሳውን ረስቶ ሲያለቅስ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ይነዳሉ። የልባቸው ምኞት ግን ፍጥነት ነበር። እሑድ በቴሌቪዥን የመኪና እሽቅድምድም ሲያዩ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ ምንጣፉ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቷል። ሚስታቸው እትዬ ለምለም ምንጣፉን ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ።

እኔ የገባሁባቸው በቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ በኩል ነው። ጣቢያው አጠገብ ካሉት በጎ ፈቃደኞች ዘንድ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተቀምጬ ሳለ፣ ጋሽ ኣንደብርሃን ድስት ተሸክመው ምግብ ሊያድሉ መጡ። አማርኛዬን ሰምተው የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤስኲሊኖ ሰፈር ባለው ቤታቸው አንዲት ክፍል የእኔ ሆነች። መቼ ትወጫለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይህንን ስጽፍ ዛሬም ደረቴ ይሞላል።

አንድ ነገር ብቻ አቅቶኝ ነበር። አረጋውያንን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ አንድ ማኅበር ፓቴንቴ፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ፣ ካወጣሽ ኮንትራት እንሰጥሻለን ብሎኛል። ኮንትራት ካለ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደሳል፤ ከሌለ ምን እንደሚውጠኝ እግዜር ይወቅ። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ፣ ለመለማመድ የሚያስችለውን ወረቀትም ያዝኩ። መሪ ስጨብጥ ግን ሞተሩን ሳላስነሳ እወርዳለሁ። ምክንያቱን ጋሽ ኣንደብርሃን ያውቃሉ። በስደት ስመጣ በረሃው ላይ የጫነን ፒክአፕ ሲበር ተገልብጦ፣ ከአገሬ አብራኝ የወጣች ጓደኛዬ ዘርፈሽዋል እዚያው ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲፈጥን ጆሮዬ ውስጥ የምሰማው የእሷን ድምፅ ነበር።

መኪናዋ በመጣች በሳምንቱ ጋሽ ኣንደብርሃን ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር።

«እኔ እግሬን አላምነውም» አሉኝ። «ምንጣፉን አይተሽዋል። አንቺ ደግሞ ከልክ በላይ ትፈሪያለሽ። ለአራስ የሚያስፈልጋት እንዳንቺ ያለ ሰው ነው።»

እምቢ አልኩ። ይህን ያህል የተመኟትን መኪና ከግንብ ጋር ባጋጫትስ? እሳቸው ግን አንዴ የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ የግትርነታቸውን ነገር እትዬ ለምለም ይንገሯችሁ። «አሎራ፣ በይ እንግዲህ ተነሽ» አሉና በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኦስቲያ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ዳር መሪው ላይ አስቀመጡኝ።

አራስ ናት ስላሉኝ እኔም እንደ አራስ ያዝኳት። ብርድ እንዳይመታት ይመስል መስኮት ዘጋሁ፣ ጉድጓድ ሳይ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ከአንዲት ዝግ ያለች ፍጥነት ንቅንቅ አልልም አልኩ። ከኋላ ያለው ሹፌር ሁሉ ክላክሱን ያምባርቃል፤ አንዱማ ሲያልፈን የእናቴን ስም ሳይቀር አነሳ። ጋሽ ኣንደብርሃን የመኪናዋን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው እንደ ዳዊት ይደግሙታል። በአንድ ፍጥነት ብቻ መንዳትም ለሞተሩ አይበጅም ይላል አሉኝ። ከፍ ማድረግ፣ ዝቅ ማድረግ፣ ማርሽ መቀያየር ያስፈልጋል። ብዙ ማባበልም ያበላሻል።

ስለዚህ ከፍ አደርጋለሁ፣ ዝቅ አደርጋለሁ። የሞተሩን ዙር የምታሳየው ቀስት ግማሽ ጋ ስትደርስ እግሬን አነሳለሁ። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲጨመር መሪውን አንቆ መያዝ ተውኩ። ማርሽ ስቀይር ዘንጉን ማየት ቀረ። ኦስቲያ ደርሰን ከባሕሩ ፊት ለፊት ኮኮመሮ የሚሉትን ሐብሐብ እየገመጥን እሳቸው ስለ ተማሪዎቻቸው ያወራሉ፣ እኔ ስለ እናቴ አወራለሁ። ዘርፈሽዋልንም አንድ ቀን ስሟን ጠርቼ አወራሁላቸው። አላቋረጡኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም፤ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩና እስክመጣ ጠበቁኝ።

ሮዳጆው የሚያልቀው ሦስት ሺህ ኪሎሜትር ላይ ነው ብለውኝ ነበር። ሦስት ሺህ ሲሞላ ደግሞ ቱርቦ ያላት መኪና መንታ እንደ ወለደች ስለሆነች ጥቂት ይጨመርላታል አሉ። አመንኳቸው። ስለ መኪና የማውቀው እሳቸው የነገሩኝን ነው።

የመጀመሪያውን ዘይት ልናስቀይር ጋራዥ የሄድን ቀን ግን መካኒኩ ቆጣሪውን አይቶ፣ መኪናዋ እንዴት ናት፣ ጥሩ ትሮጣለች ወይ አለኝ። ገና ሮዳጆ ላይ ነን አልኩት። ሰውዬው ዘይት በነካው ክንዱ ግንባሩን ጠረገና ሳቀ። የዚች ሞተር ሮዳጆ ካለቀ ቆይቷል፣ ሺህ አምስት መቶ ላይ ነው የሚያበቃው፣ ሲኞሬ ኣንደብርሃን መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ አለ። ዞሬ አየኋቸው። ጋሽ ኣንደብርሃን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የጎማ ማስታወቂያ ያነባሉ።

መኪናዋ ውስጥ ስንገባ በጣም ተናድጄ ነበር። እኔ በግልምጫ የምናገር ሰው ነኝ፣ እሳቸውም ያውቁታል። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኟት መኪና ደጃቸው ቆማ፣ እግራቸው ምንጣፍ እየረገጠ፣ ለምን?

«ጋሼ፣ ለምን ዋሹኝ?» አልኳቸው።

«የመኪናዋ አልቋል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያንቺ አላለቀም ነበር።»

ሞተሩን አስነሳሁ። ንዴቴ የት እንደ ገባ አላውቅም።

ወደ ኦስቲያው መንገድ ስንደርስ አቆምኩና ወርጄ በሳቸው በኩል ያለውን በር ከፈትኩ። አሁን እርስዎ ይንዱ፣ በመጀመሪያ እርስዎ ይጋልቧት አልኳቸው። ከተቀመጡበት አልተነሱም። ቀበቷቸውን አጠበቁ።

«ልደት፣ አራስ እስከ መቼ ትተኛለች?» አሉኝ። «ተመለሽና ርገጫት።»

ተመለስኩ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ጥዶቹ በግራ በቀኝ ቆመዋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን እስከ ወለሉ ሰደድኩት። ሕጉ ከሚፈቅደው አላለፍኩም፤ ግን እዚያ የደረስኩበት አኳኋን ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር አጣበቀው። ቀስቷ ግማሹን አልፋ ወጣች። ሞተሩ ሲጮህ የዘርፈሽዋልን ድምፅ ጠበቅኩ። የሰማሁት ግን ጋሽ ኣንደብርሃን እንደ ተማሪዎቻቸው ሲንጫጩ ነው። ቀኝ እግራቸው ከእኔ እግር ጋር እኩል ወለሉን ይረግጣል። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ፓቴንቴዬን በዚያው ወር አወጣሁ፤ ኮንትራቱም ፔርሜሶውም ተከተሉ። አሁን ሽማግሌዎችን ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ። ጋሽ ኣንደብርሃን መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ፣ ሲፈልጉም ያስጮኋታል፤ እትዬ ለምለም ከጎናቸው ተቀምጠው ይቆጧቸዋል። ያቺን የመጀመሪያዋን መርገጥ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቋት ኖረው ለእኔ ሰጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብያቸዋለሁ፤ አይበቃም። ያን ቀን ባሕሩ ጋ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ ቁልፉን መልሼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። መኪናዋም አልተገለበጠችም።