ጭድ የሞላው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለዲሽ ገመድ የእናቴን ቤት ግድግዳ ሲበሳ «ቀስ!» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ዞረ። ከቀዳዳው አሮጌ ጭድ ይረግፍ ነበር።

ግድግዳው የተሠራው በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። የናዝሬት ፀሐይ መቼም የታወቀች ናት፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሥር የተቀመጠ ሰው ይቆላል። እናቴ የጭቃ ቤታችንን በሌላ ግድግዳ ከውጭ አለበሰቻት። እንጨት አስተከለች፣ ማገር አስመታች፤ በሁለቱ መሃል የቀረውን ክንድ የሚያህል ክፍተት ምስጥ እንዳይበላው አመድ በተነሰነሰበት የጤፍ ጭድ ሞላችው። ጎረቤቱ በደቦ መጥቶ ጭቃ ረገጠ፣ መረገ፣ ንፍሮና ጠላችንን ቀመሰ።

ምርጊቱ ሳይደርቅ ወንድሜ ዳንኤል ጠፋ። ወጣቱ ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። እናቴ ለጎረቤትም ለእኔም «ወለንጪቲ አክስቱ ጋ ነው» አለች። እኔ ግን አላመንኳትም። ጠዋት ጠዋት ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስታንሾካሹክ አያታለሁ፤ ጸሎት ይሁን ወሬ አይሰማኝም። ዳንኤል ደግሞ ቀጭን ነው፤ ጭዱ መሃል ቢቆም ክፍተቱ ይበቃዋል።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። በደቦው የዋለ ሰው ካልሆነ ስለ ግድግዳው ማን ይነግራቸዋል?

«እማማ፣ ለሰው አንድ ግድግዳ ይበቃዋል። እርስዎ ሁለት ምን ያደርግልዎታል?» አላት አለቃቸው።

«ሙቀት ይከለክልልኛል።»

«እናያለና!»

በሾለ ፌሮ ግድግዳውን ይወጉት ጀመር። በወጉ ቁጥር ሆዴን የወጉኝ ያህል እሸማቀቃለሁ። ፌሮው ሲወጣ ጫፉ ላይ ደም እፈልጋለሁ፤ ጭድና አመድ ብቻ ነው። እናቴ ከንፈሯ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ጠባቂ ደክሞት ግድግዳውን ተደገፈና «ይቀዘቅዛል እኮ!» አለ።

ከዚያ ወለንጪቲ ሄደው ፈለጉት፤ እዚያም የለም። እኔ እንደ አዲስ ፈራሁ። እናቴ ግን የተወጋጋውን ግድግዳ እንዲመርጉ ጎረቤቶቹን እንደገና ጠራች። «ሁሉም ይምጣ፤ የጠቆመውም ይምረግ» አለችኝ። አንድም ሰው አልቀረም። ጭቃ የያዙትን እጆች አንድ በአንድ ባይም የጠቋሚውን ለይቼ አላወቅሁም።

ደርግ ሲወድቅ ዳንኤል መጣ፤ ከደራ ገጠር። አንድ ገበሬ ቤት ከርሞ ኦሮምኛው እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ደስታዬ ሲበርድ እናቴን ጠየቅኋት።

«ከፍተሻው በኋላ እንኳ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን እንደጠቆመ አላወቅሁማ፣ ልጄ።»

ያቺ መልስ አንጀቴን ቆረጠችው፤ ለብዙ ጊዜ አኮረፍኳት። ዛሬ ዳንኤል የልጅ ልጅ አይቷል። እኔን ብታምነኝ ኖሮ ያይ ነበር? እንጃ።

ልጄ ገመዱን አስገብቶ ሲጨርስ «ቀዳዳውን ልድፈነው?» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ጭቃ አቡክቼ ራሴ ደፈንኩት።