የፀሐይ ዋስ

ሥራዬ ገበሬዎች ተደራጅተው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የጋራ ወፍጮ እንዲተክሉ ማገዝ ነው። ሞጣ አጠገብ ያለ አንድ ማኅበር ውሉን ሊፈርም ሲል፣ አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ከነቦርሳዬ በጥርጣሬ ገላመጡኝና፦

«ክረምት ላይ ፀሐይ ብትጠፋ ዋሷ ማን ነው?» አሉ።

ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ወፍጮው ባትሪ እንዳለው ባስረዳም ከመጤፍ አልቆጠሩኝም።

«እኛ ያለ ዋስ በሬም አንገዛ። እንዲህ ካመንሃት አንተው ዋስ ሁናት!»

እንዲያው ልገላገል ብዬ፣ ሁሉም እያዩኝ በዋስነት ፈረምሁ።

ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሳምንት ሙሉ ጠቆረ፤ የተከሉት ወፍጮ ባትሪም አለቀ። አንድ ጠዋት የቤቴ በር ሲንኳኳ ከፈትሁ። አያ ደምሌ የማኅበሩን እህል በአህዮች አስጭነው ደጄ ቆመዋል።

«ዋስ የሆንህላት ጠፍታለች» አሉኝ፤ «በል አስፈጭልን።»